ከቅጥር ውጭ የተቆፈረው ጉድባ

በሮም አገር፣ ከሬያቴ ከተማ በላይ፣ በቅሎ አርቢዎች ከሚኖሩበት ኮረብታ ላይ፣ ኑሜርዮስ ሳቲዮስ የሚባል ገበሬ ነበረ። ቁመቱ መካከለኛ፣ አንገቱ አጭር፣ መዳፉ ግን የአካፋ ያህል ሰፊ ነበር። ከወጣትነቱ ጀምሮ ጦር በተጠራ ቁጥር ይጠራል፤ ሲለቁት ወደ እርሻው ይመለሳል፤ እርሻው ገና መልኩን ሊለምደው ሲጀምር ደግሞ ይጠራል። እንዲህ እንዲህ ሲል ፀጉሩ ሸበተ። የመንደሩ ልጆች ከበውት፣ «አያ ኑሜርዮስ፣ በጦር ሜዳ ምን ሠራህ?» ሲሉት ጥቂት ያስብና፣ «ቆፈርኩ» ይላቸዋል። ልጆቹ ቅር እያላቸው ይበተናሉ።

እርሱ ግን እውነቱን ነበር። የሮም ጦር ዓለሙን በሰይፍ ያዘ እየተባለ ይተረካል። ሰይፉ ከአፎቱ የሚወጣው ከስንት አንዴ ነው፤ አካፋው ግን ዕረፍት የለውም። ሠራዊቱ ለአንዲት ሌሊት ብቻ በሚያድርበት ቦታ እንኳ፣ ዙሪያውን ጉድባ ሳይቆፍር፣ አፈሩን ወደ ውስጥ ሳይክብ፣ በካቡም ላይ እያንዳንዱ ወታደር ቀኑን ሙሉ በትከሻው ተሸክሞ ያመጣውን ካስማ ሳይተክል ጎኑን አያሳርፍም። በማግስቱ ካስማውን ይነቅላል፣ ካቡን ይንዳል፣ መንገዱን ይቀጥላል። ማታ እንደገና ይቆፍራል። «ለምንድን ነው?» ብሎ የጠየቀ አንድ ምልምል ነበረ ይባላል። መልሱ እስኪመጣለት ድረስ እየቆፈረ እንዲጠብቅ ታዘዘ፤ ዛሬም እየቆፈረ ነው።

ኑሜርዮስ እንዲህ ያለ ጥያቄ ጠይቆ አያውቅም። ጉድባ ይወድ ነበር። ሌላው ሰው መልካም ፈረስ ሲያይ ቆም እንደሚለው ሁሉ፣ እርሱም ጎኑ ቀጥ ብሎ የወረደ፣ ታቹ የጠበበ ጉድባ ሲያይ ቆም ብሎ አንገቱን ይነቀንቅ ነበር።

ለመጨረሻው ዘመቻ በተጠራበት የጸደይ ወራት፣ ሴት ልጁ ሳቲያ ለትዳር ደርሳ ነበር። የጠየቃትም የዘይት መጭመቂያ ባለቤት የሆነው የኦርፊዮስ ልጅ ነው። ልጁ ደግ፣ ዝምተኛ፣ ሁልጊዜ የወይራ ሽታ የማይለየው ወጣት ነበር፤ ሳቲያም ወድዳዋለች። አባትየው ግን ሌላ ፍጥረት ነው። እርሱም አባቱም በጦር ሜዳ የታጠቁባቸውን መታጠቂያዎች ከቤቱ መግቢያ በላይ ሰቅሏቸዋል፤ እንግዳ ሲመጣ ቀና ብሎ እንዲያያቸው በሩን ዝቅ አድርጎ ነው ያሠራው፤ ቀና ያላለ ግንባሩን ይመታል።

«ስማ ኑሜርዮስ» አለው ኦርፊዮስ፣ በመሰነባበቻው ቀን። «እኔ የማንንም ዝርክርክ ልጅ አላመጣም። ወታደር ማለት መታጠቂያው ነው። ታጥቀህ እንደሄድክ ታጥቀህ ከተመለስክ፣ በመኸር ሠርግ እንደግሳለን።»

«ታጥቄ ነው የምመጣው።»

«ካልታጠቅህስ?»

«ካልታጠቅሁማ ሞቼ ነው።»

«ብትሞትም መታጠቂያው ይምጣ» አለ ኦርፊዮስ። አልቀለደም።

ዘመቻው ወደ ኢስጳንያ ነበር። ሠራዊቱ በአንዲት የኮረብታ ከተማ ፊት ሰፈረና ጠላት እስኪወርድለት ይጠብቅ ጀመር። ጠላት አልወረደም። ቆይቶ እንደተሰማው፣ የከተማይቱ ወንዶች በኋለኛው በር ወጥተው ወደየእርሻቸው፣ ወደ አጨዳ ሄደዋል። የቀሩት አሮጊቶችና ፍየሎች ናቸው። አዛዡ ግን ለሮም ሸንጎ «ጠላትን ከብቤአለሁ» ብሎ ልኮ ስለ ነበር፣ ከበባው ቀጠለ።

ከአለቆቹ መካከል ሻለቃ ካኒኒዮስ የሚባል የትልቅ ቤተሰብ ልጅ ነበረ። ለሹመት የዘመቻ ዕድሜ ያስፈልጋል ተብሎ የመጣ፣ ሽቶው ከእርሱ ቀድሞ የሚደርስ ወጣት ነው። አንድ ጠዋት እንጨት ለቃሚዎችን እንዲጠብቁ የኑሜርዮስ ድንኳን ሰዎች ታዘዙ፤ ስምንት ናቸው፤ አለቃቸውም ይኸው ሻለቃ ሆነ። ጫካው ጉም ለብሷል። ከጉሙ ውስጥ ቀንድ ብቅ አለ። ቀጥሎም ሌላ ቀንድ።

«ባለቀንድ የራስ ቁሮች! ተከበብን!» ብሎ ሻለቃው ጮኸና የፈረሱን አፍ ወደ ሰፈሩ መለሰ። አለቃ ሲሸሽ ያየ ወታደር ምን ይጠብቃል? ስምንቱም ተከተሉት። ኑሜርዮስ በትከሻው የነበረውን ካስማ ሳይጥል ሮጠ። ላሞቹ «እምቧ» ሲሉ ሰዎቹ መንገዱን አጋምሰውት ነበር።

ፈረስ ያለው ቀድሞ ይሸሻል፤ ቀድሞ የደረሰም ቀድሞ ይመሰክራል። ስምንቱ እያለከለኩ በሩ ላይ ሲደርሱ ነገሩ አልቆ ጠበቃቸው። ወታደሮቹ ከላሞች ፊት ሸሹ፤ ሻለቃው ከፊታቸው የሆነውም ሊያስቆማቸው ነው፤ ተብሎ ተመዘገበ። የኑሜርዮስ መቶ አለቃ ፉፊዮስ፣ ፊቱ እንደ ተጠረበ ድንጋይ የሆነ አሮጌ ወታደር፣ የመቶ አለቃነት ምልክቱ የሆነውን የወይን ሐረግ ዱላ በብብቱ ይዞ ሁሉን ሰማ። ፈረሱን አየ፣ ላብ ያጠመቃቸውን እግረኞችም አየ።

አዛዡም ፈረደ። መታጠቂያቸው ተፈታ። እጀ ጠባባቸው እስከ ቁርጭምጭሚታቸው ተንዘርፍፎ፣ በእጃቸው የሣር ጓል ይዘው በአዛዡ ድንኳን ፊት ቀኑን ሙሉ እንዲቆሙ፣ ከዚያም ከሰፈሩ ወጥተው፣ ያለ ጉድባ ያለ ካብ ሜዳ ላይ እንዲያድሩ፣ በስንዴ ፈንታም የበቅሎ ቀለብ የሆነውን ገብስ እንዲበሉ ተወሰነባቸው። እስከ መቼ? «ነውራችሁን የሚያጥብ ሥራ እስክትሠሩ ድረስ» አለ አዛዡ።

«አለቃ፣ ነውር በምን ይታጠባል?» ብሎ ትሬቢዮስ መቶ አለቃውን ጠየቀው። ትሬቢዮስ ከስምንቱ ሁሉ አፈኛው ነው።

«በጠላት ደም።»

«ጠላትስ የት አለ?»

«አጨዳ ላይ» አለ ፉፊዮስ፤ ፊቱ አልተንቀሳቀሰም።

ኑሜርዮስ ጓሉን ይዞ ቆሞ የሚያስበው ስለ ሳቲያ ብቻ ነበር። ሠራዊቱ በበጋው መጨረሻ ይበተናል። እስከዚያ ነውሩ ካልታጠበ ያለ መታጠቂያ ይሰናበታል፤ ያለ መታጠቂያ ከተሰናበተ በዚያ ዝቅተኛ በር ማለፍ የለም፤ ልጁም ያን ወይራ ወይራ የሚሸት ዝምተኛ ልጅ በሩቅ እያየች ታረጃለች። ጓሉን ጠበቅ አድርጎ ያዘው። ዙሪያው የቆሙት ወታደሮች ይሳለቃሉ።

«አያ ኑሜርዮስ፣ ዝራበት እንጂ!»

«ላሞቹ ሰላም ብለውሃል!»

ከሰፈሩ ወጡ። መጀመሪያ ላይ ፈሩ፤ ሰው ከቅጥር ውጭ ራቁቱን እንደ ቆመ ይሰማዋል። ጥቂት ካደሩ በኋላ ግን አንድ እንግዳ ነገር ተገለጠላቸው። ጠዋት የሚቀሰቅስ መለከት የለም። የራስ ቁርህ ዛገ የሚል የለም። የአለቃ በቅሎ አጥብ፣ የአለቃ ውሃ ቅዳ የሚል የለም። ከኮረብታይቱ አንዲት አሮጊት ፍየሏን እየነዳች፣ አይብና በለስ በቅርጫት ይዛ ትወርዳለች። «ጠላት» የተባለችው እርስዋ ናት። ገብሱን በፍየል ወተት ሲያበስሉት ስንዴውን የሚያስረሳ ሆነ። በቅጥሩ ላይ ዘብ የቆሙት ጓደኞቻቸው ቁልቁል እያዩ ምራቃቸውን ይውጣሉ።

«እንዴት ናችሁ እናንተ ነውረኞች?» ይላሉ ከላይ።

«በጣም ተዋርደናል!» ይላል ትሬቢዮስ፣ በለሱን እየላጠ። «እንዲህ ያለ ውርደት ለወዳጅም አልመኝ።»

ከቅጥሩ ውስጥ ደግሞ ነፋስ በመጣ ቁጥር አፍንጫ የሚያስይዝ ሽታ ይመጣ ነበር። ሠራዊቱ አንድ ቦታ ብዙ በመቆየቱ የሰገራው ጉድጓድ ሁሉ ሞልቶ፣ አዛዡ ራሱ በሎሚ ቅጠል አፍንጫውን እየሸፈነ ነው የሚበላው ይባላል።

ከስምንቱ ያልተመቸው ኑሜርዮስ ብቻ ነበር። አንደኛ፣ ሐሳቡ አገር ቤት ነው። ሁለተኛ፣ እንቅልፍ አጣ። ያን ሁሉ ዘመን ቆፍሮ የተኛ ጀርባ፣ ሳይቆፍር አልተኛም አለ። አንድ ቀን ፀሐይ ስታዘቀዝቅ አካፋ አንስቶ ከድንኳኑ ጀርባ ሄደ።

«አያ ኑሜርዮስ፣ ምን እየሠራህ ነው?» አለው ትሬቢዮስ።

«ምንም። አፈሩን እያየሁ ነው።»

«በአካፋ?»

«የአገሩን አፈር ማወቅ አይከፋም።»

«የእኛ ቅጣት እኮ ያለ ቅጥር ማደር ነው። መጠበቅ ተከልክለናል፤ ገባህ? ብንጠበቅ እንደበደባለን!»

«የውኃ መውረጃ ነው» አለ ኑሜርዮስ ሳይቆም።

«በዚህ በጋ? ውኃው ከየት ሊመጣ?»

ኑሜርዮስ መቆፈሩን ቀጠለ። ሥራ ለሠሪው፣ እሾህ ላጣሪው ነው፤ ክንዱ መንገዱን ያውቃል። ሌሎቹ ተቀምጠው እየሳቁ አዩት። ነገር ግን የሮም ወታደር ሌላው ሲቆፍር እጁን አጣምሮ ማየት አይችልም። አንዱ፣ «መስመሩ ወደ ግራ ጠሟል» አለ። ኑሜርዮስም በቁጣ ቀና ብሎ፣ «የማን መስመር ነው የጠመመው? የራስህን አንገት አቅና!» ሲለው፣ ሰውየው ሊያሳየው ተነሥቶ ዶማ ያዘ። ሌላው፣ «አፈሩን ወደ ውጭ ነው እንዴ የምትጥሉት፣ እናንተ ግሪኮች!» ብሎ ገባ። ቀኑ መሸ ሲል ጉድባው ዙሪያውን ገጥሞ ነበር። በማግስቱ ካቡን ካቡት፤ በሦስተኛው ቀን ካስማ ተከሉ። ኑሜርዮስ እንደ ድንጋይ ተኛ።

ቅጥር ካለ ደግሞ በር አለ። ሕጉ አራት በር ነው የሚለው፤ ስምንት ሰው በአራት በር ዘብ ቢቆም ግን ገንፎውን የሚያማስል ይጠፋል ተብሎ፣ ከብዙ ክርክር በኋላ አንድ በር ተፈቀደ። በር ካለ ዘብ አለ፣ ዘብ ካለ የይለፍ ቃል አለ። ስምንቱ በአንድ ድስት ዙሪያ ተቀምጠው አንደኛው ለሰባቱ ቃሉን በጆሮ ይነግራቸዋል፤ ውኃ ሊቀዳ የወጣ ሲመለስ፣ አብሮት የበላው ጓደኛው ጦሩን ደቅኖ «ማነህ?» ይለዋል። አይብ ሻጯ አሮጊት ቋንቋውን ስለማታውቅ፣ «ቃል!» ስትባል አይቧን ከፍ አድርጋ ታሳያለች፤ ታልፋለች።

ዘብ ካለ ተራውን የሚያስተጓጉል አለ። ትሬቢዮስ ከአሮጊቷ ጋር ሲጫወት ዘግይቶ መጣ። ሰባቱ ተሰብስበው መከሩና፣ ከቅጥሩ ወጥቶ ሜዳ ላይ እንዲያድር ፈረዱበት።

«ከውጭ ወደ ውጭ?» አለ ትሬቢዮስ ዓይኑን አፍጥጦ። «ከነውረኞች መካከል ነውረኛ ሆንኩ ማለት ነው? ቀለቤስ? ከገብስ በታች ምን አለ?»

ያን አላሰቡበትም ነበር። እንደገና ተመካከሩ። «ገለባ» ተባለ።

«እናቴ ወታደር ሁን ብላ ስትልከኝ ለዚህ ነው!» እያለ ትሬቢዮስ ምንጣፉን ተሸክሞ በበሩ ወጣ፤ ሲወጣም የይለፍ ቃሉን ተጠየቀ።

ወሬ ክንፍ አለው። «ነውረኞቹ ቅጥር ሠርተው፣ ዘብ አቁመው፣ ከእኛ የተሻለ ይኖራሉ» የሚለው ነገር ሻለቃ ካኒኒዮስ ጆሮ ደረሰ። ሻለቃው ከላሞቹ ቀን ወዲህ እነዚህን ስምንት ሰዎች ባያቸው ቁጥር ደሙ ይፈላ ነበር፤ የሰውን ሽሽት ያየ ሰው ይቅርታ አይደረግለትም። በቀትር፣ መቶ አለቃ ፉፊዮስን አስከትሎ ወደ ሜዳው ወረደ።

ያን ሰዓት በሩ ላይ ቆሞ የነበረው ኑሜርዮስ ነው። ሻለቃው ጉድባውን ከሩቅ ሲያይ ፊቱ ደም መሰለ።

«ይህ ምንድን ነው? ይህ ምንድን ነው የማየው?» አለና፣ በሩ ጥቂት ራቅ ብሎ ክፍት እያለ፣ ካባውን ሰብስቦ ጉድባውን ዘለለ። እግሩ ካቡ ላይ ዐረፈ፤ አንድ ካስማ ወደቀ።

በቅጥር ላይ ዘልሎ የገባ ሰው ቅጣቱ ሞት ነው። ይህን የሮም ልጅ ከጡት ጋር ይጠባዋል፤ ከተማይቱ ራሷ ስትቆረቆር መጀመሪያ የሞተው ቅጥሩን የዘለለው የመሥራቹ ወንድም ነበርና። ኑሜርዮስ ማን መሆኑን አላየም፤ ጉድባ የሚዘልል ሰው ብቻ ነበር ያየው። የዚያ ሁሉ ዘመን ልማድ ከአፉ ቀድሞ ወጣ።

«ቁም! ማነህ አንተ? በቅጥር የዘለለ ይሞታል!»

ጦሩም ሻለቃው ደረት ላይ ነበር። ወዲያው ከጉድባው ማዶ የትሬቢዮስ ድምፅ ተሰማ፤ «ጌታዬ ሻለቃ፣ እኔ እንኳ ገለባ የምበላው በበር ነው የምገባ!»

ኑሜርዮስ ምን እንዳደረገ የገባው ያን ጊዜ ነው። ያለ መታጠቂያ መመለስ ድሮ ቀረ፤ አሁን ጭራሽ መመለስም የለም።

«ዛሬውኑ!» አለ ሻለቃው፣ ጦሩን በእጁ ገፍቶ። «ስምንቱም በዱላ ተቀጥቅጠው ይሙቱ! አዛዡ ፊት አቅርባቸው!»

«እሺ ጌታዬ» አለ ፉፊዮስ። ወደ ወደቀው ካስማ ሄዶ ጎንበስ አለ፤ አንሥቶ ወደ ቦታው መለሰውና ተከተላቸው።

አዛዡን በምሳና በእንቅልፍ መካከል ነበር የደረሱበት። ከፍ ባለው የፍርድ ወንበር ላይ ተቀመጠ፤ የሎሚ ቅጠሉን ከአፍንጫው አላነሳም። ሥራ የፈታው ሠራዊት ሁሉ ተሰበሰበ።

«ሳይፈቀድላቸው ቅጥር ሠርተዋል ነው የምትለው?»

«አዎን ጌታዬ!» አለ ሻለቃው። «ጉድባ አለው፣ ካብ አለው፣ ካስማ አለው፣ በር አለው። ፍጹም የሆነ ቅጥር ነው። በዚህ ዘመቻ እንዲህ ያለ ቅጥር አላየሁም!»

ኑሜርዮስ እያላበው እንኳ ጆሮው ቀና አለ። ጉድባውን እንዲህ ያመሰገነለት ሰው በሕይወቱ አልገጠመውም ነበር።

«ምስክር?»

«መቶ አለቃው አይቷል።»

ፉፊዮስ ወደ ፊት ወጣ። ዳኛ ሲገኝ ተናገር ነው፤ እርሱ ግን ቸኩሎ አያውቅም። «ቅጥር ነው ጌታዬ። ጥልቀቱንና ስፋቱን ሻለቃው ከእኔ ይልቅ ያውቁታል። ዘልለውታል።»

«ምን አደረጉት?»

«ዘለሉት ጌታዬ። በሩ ክፍት ነበር፣ ዘቡም ቆሞ ነበር። እርሳቸው ግን በካቡ ላይ ነው የገቡት።»

አዛዡ ቅጠሉን ከአፍንጫው አነሳ።

«እንግዲህ ቅጥር ከሆነ...» አለ አዛዡ በዝግታ።

«ቅጥር ከሆነ ሁለት ፍርድ አለብን ጌታዬ» አለ ፉፊዮስ፣ ያው ድንጋይ ፊቱ እንዳለ። «ዱላው ቀርቧል። ሁለቱንም አንድ ላይ ብንጨርሰው ሰውም አይደክምም።»

ሻለቃ ካኒኒዮስ ከንፈሩን በምላሱ አራሰ። «ጌታዬ፣ እኔ ቅጥር ስል... ቅጥር የሚመስል ለማለት ነው።»

«ካብ አለው ብለሃል።»

«ከጉድጓድ የወጣ አፈር የትም ቢሆን ይከመራል ጌታዬ።»

«ካስማውስ?»

«ካስማው...» ሻለቃው ወደ ሰማይ አየ፤ ከዚያ ነፋስ መጣ፤ ከሰፈሩ ጓሮ የሚመጣውን ያንን ሽታ ይዞ። የሻለቃው ፊት በራ። «መደገፊያ ነው ጌታዬ!»

«ማን የሚደገፈው?»

«የተቀመጠ ሰው።»

«ለምን የተቀመጠ?»

«ለ... ለጉዳዩ ጌታዬ። የሰገራ ጉድጓድ ነው። አሁን ሳስበው ምንም አያጠራጥርም።»

ከወታደሮቹ መካከል አንድ ሰው አነጠሰ፤ ሌላው ሳቁን በሳል ሸፈነ።

«በሩስ?» አለ አዛዡ።

«ለጨዋነት ጌታዬ።»

አዛዡ ወደ ኑሜርዮስ ዞረ። «አንተ ሰውዬ። የቆፈርከው ምንድን ነው?»

ኑሜርዮስ አፉን ከፈተ። በሕይወቱ ከቆፈራቸው ሁሉ ያ ጉድባ ይበልጥ ነበር፤ ያለ ትእዛዝ፣ ያለ ዱላ፣ ጀርባው ጠይቆት የቆፈረው። «ጉድባ» ሊል ነበር። ከኋላው ፉፊዮስ በዱላው ጫፍ ወገቡን ነካ አደረገው፤ መታጠቂያ የሚታሰርበትን ቦታ።

«ሻለቃው እንዳሉት ነው ጌታዬ» አለ ኑሜርዮስ ወደ መሬት እያየ።

አዛዡ እጅግ ደስ አለው። ሽታው የሚወገድበት መንገድ ተገኘ፤ አንድ የትልቅ ቤተሰብ ልጅ ከመደብደብ ዳነ፤ እንቅልፉም ገና አላመለጠውም። ተነሥቶም እንዲህ ሲል ፈረደ፤ እነዚህ ስምንት ሰዎች ማንም ሳያዛቸው የሠራዊቱን ጤና ለመጠበቅ ስለ ደከሙ ነውራቸው ታጥቧል፤ መታጠቂያቸውና ስንዴያቸው ይመለስላቸው። ጉድጓዱም ከዛሬ ጀምሮ ለሠራዊቱ ሁሉ ያገልግል። የሻለቃውም ምስክርነት እውነት መሆኑ ለሁሉ እንዲታወቅ፣ መርቀው የሚከፍቱት ሻለቃው ራሳቸው ይሁኑ።

ምረቃውን ያላየ ወታደር አልነበረም። ዘብ የነበሩት ሳይቀሩ ቦታቸውን ለቀው ወረዱ፤ በዚያች ሰዓት ጠላት ቢመጣ ሰፈሩን ባዶውን ባገኘው። መጣ እንጂ፤ አሮጊቷ ናት፤ አይቧን ከፍ አድርጋ በሩ ላይ ቆመች፤ ቃሏን የሚጠይቃት ግን አልነበረም። ኑሜርዮስ ብቻ ፊቱን አዙሮ ቆመ። መታጠቂያው ወገቡ ላይ ነበር፤ እጁን ጣል አድርጎበት፣ የሚስቁትን ሰዎች ድምፅ እየሰማ፣ ወደ ባዶው ሜዳ ያይ ነበር።

በበጋው መጨረሻ ሠራዊቱ ተበተነ። ስለ ከበባው ሮም ውስጥ ለአማልክት ምስጋና ቀረበ ተባለ። ኑሜርዮስ ታጥቆ አገሩ ገባ፤ ከሳቲያ ጋር ሳይነጋገር፣ አቧራውን ሳያራግፍ፣ በቀጥታ ወደ ኦርፊዮስ ቤት ሄደ፤ በዚያ ዝቅተኛ በርም ጎንበስ ብሎ ገባ።

ኦርፊዮስ ወደ ብርሃኑ አቅርቦ መታጠቂያውን አገላብጦ አየው። ቆዳውን ዳሰሰ፤ ማሰሪያውን ፈተሸ።

«ከወገብህ ወርዶ አያውቅም?»

ኑሜርዮስ ያን ሁሉ መንገድ ሲመጣ ለዚህች ጥያቄ የሚሆን መልስ ሲያዘጋጅ ነበር። ያዘጋጀው ሁሉ ጠፋበት። «አንዴ ወርዷል» አለ። «ጓል አስይዘውኛል። ገብስም በልቻለሁ። በኋላ በሥራዬ መለስኩት።»

«በምን ሥራ?»

«በቁፋሮ።»

«ምን ቆፍረህ?»

ኑሜርዮስ ነገረው። ላሞቹን፣ ጉድባውን፣ ሻለቃውን፣ ምረቃውን፣ አንዱንም አላስቀረም። ሲጨርስ ተነሥቶ ሊሄድ ኮፍያውን አነሣ፤ ለሳቲያ ምን እንደሚላት ያስብ ነበር።

ኦርፊዮስ በእጁ አስቆመው። ከዚያ ወደ ደጅ ብቅ ብሎ ሚስቱ አለመኖሯን አየና፣ በሩን ዘግቶ ተመለሰ።

«ገብሱን በምን ነበር የምትበሉት?» አለ በቀስታ።

«በፍየል ወተት።»

«ዕድለኞች» አለ ኦርፊዮስ፣ ወደ ተሰቀሉት መታጠቂያዎች ሳያይ። «እኛ የበላነው በውኃ ብቻ ነበር።» ሁለት ጽዋ አወጣና ወይን ጠጅ ቀዳ። «እንግዲህ ልጆቹን አናቆያቸው። ከወይን ለቀማው በፊት ይሁን ወይስ ከለቀማው በኋላ?»